ቃል አልቀበልም

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ትራሴ ሥር ነዘረ፤
«ቬርና፣ ነይ» አለ ሀስኪንስ፤ ሌላ ነገር አልጨመረ።
መኪናዬ ሁሌም እንደተጫነች ናት፤ ስምንት ጥንድ ወፍራም ካልሲ፣
የስልክ ቻርጀር፣ ብርቱካን፣ እኔ የማላጨሰው ሲጋራ፣
ባፍንጫ የሚነፋው መድኃኒት፣ የሄደን ሰው የሚጣራ።

ጉሙ ከኦሃዮ ወንዝ ወጥቶ ድልድዩን በግማሽ ውጦታል፤
የብረት ፋብሪካው ጭስ ማውጫ፣ ሥራ እንደፈታ ሽማግሌ፣
መንገድ ዳር ቆሞ ያየኛል።

ከነዳጅ ማደያው ጓሮ፣ ከቆሻሻው ገንዳ አጠገብ፣
ኮልቢ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ እጁ በካቴና፣ ወደ ኋላ።
ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ጣሪያ ሠሪ ነበር።
ከጣሪያ ወደቀ፤ ለወገቡ ክኒን ሰጡት፤
ክኒኑ አለቀ፣ ሕመሙ አላለቀ፤
ከዚያ ወዲያ ሌላ መውደቅ፣
መሬት የሌለው መውደቅ ወደቀ።

ከኪሱ የወጣው ይህ ነው፤ መርፌ፣ በላስቲክ የተቋጠረ ጥቂት ዱቄት፣
የሕፃን ጓንት፣ የግራው ብቻ።
ለዚህ ያህሉ ጥፋት ሕጉ ሁለት በር አለው፤
አንዱ ወደ እስር ቤት፣ አንዱ ወደ አልጋ፤
ሁለተኛውን የሚያንኳኳለት ከተገኘ፣ ሳይነጋ።

ሀስኪንስ ደብተሩን ገልጦ «ቃልህን ስጥ» አለ፣ እንደ ልማዱ።
ልጁ ሌላ ቃል የጠየቁት መስሎት፣
«ቃሌ ነው! በእናቴ! በልጄ! ሁለተኛ አልነካውም!» አለ፤
እንባውን በትከሻው እየጠረገ ማለ።

ያን መሐላ አውቀዋለሁ። እኔም ሰጥቼዋለሁ፤
ለእናቴ ስድስት ጊዜ፣ ለዳኛው ሁለቴ፣
ለልጄማ ስንቴ እንደሆነ እንጃ፤
እንደ አሮጌ ብር ታጥፎ፣ ተዘርግቶ፣ ታጥፎ፣
ባለሱቅ የማይቀበለው እስኪሆን ተገፍፎ።

አጠገቡ ተቀመጥሁ። ሲሚንቶው አጥንት ይገባል።
«እኔ ቃል አልቀበልም» አልሁት፤ «እሱን ፖሊሱ ይጽፈዋል።
የጫማህ ቁጥር ስንት ነው?»
ቀና ብሎ አየኝ፤ ያላገጥሁበት መሰለው።
«ካልሲህ ርሷል» አልሁት።
«ዐሥር ተኩል» አለ፤ በቀስታ።

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ለመብራቱ ሰጠሁት፤
ጨርቅ የማያውቅ መርፌ የተመላለሰበትን፣
አንድም ቀን ያልሰፋውን፣ የቀደደውን አሳየሁት።
«ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያኔም ካቴናው የዚሁ ሰውዬ ነበረ።»
ሀስኪንስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

ማገገሚያው አንድ አልጋ ነበረው። አንድ።
እጁ ተፈታ፤ እሱ ገና ነው።
ፎርሙን ጉልበቱ ላይ ሞላን፤
«የቅርብ ዘመድ» የሚለው መስመር ላይ ብዕሩ ቆመ።
«የኔን ስልክ ጻፍ» አልሁት።

እዚህ ላይ ቢያበቃልኝ በወደድሁ።
በአራተኛው ቀን በኩሽናው በር ወጣ፤ ካልሲዬን አድርጎ፣
ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ በአራት አጥፎ፣ ሸሽጎ ትራስ ሥር ያን ጓንት።
ያችን አጥብቄ ያዝሁ፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው
ብርድ ልብስ አያጥፍም፤ ጓንትም አይተው።

ዐቃቤ ሕጓ «ቃሉን አፈረሰ» አለችኝ፣ መዝገቡን ዘግታ።
«አልሰጠም» አልሁ፤ «ያልሰጠው ቃል በምን ይፈርሳል?»
ሠላሳ ቀን ለመንሁ። ዐሥራ አራት ሰጠችኝ፤ ሰዓቷን አይታ።

ድልድይ ሥር ዞርሁ፤ የልብስ ማጠቢያው ቤት፤ የተዘጋው ሞቴል።
በዚያ ሳምንት ሁለት ልጆች ቀበርን።
እሱ አለመሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ፤
ወዲያው፣ እናቶቻቸውን ሳይ፣ አፈር ብበላ ተመኘሁ።

በዐሥራ አንደኛው ሌሊት ስልኬ ትራሴ ሥር ነዘረ።
የማላውቀው ቁጥር። ትንፋሽ። ከዚያ
«ያ አልጋ… ሰው ይዞታል?»
«ይዞታል» አልሁት፤ ውሸት ሰው ሲያድን አላየሁም።
«መኪናዬ ግን ትሞቃለች። የት ነህ?»

ዝም አለ።
ከዝምታው ጀርባ የጭነት ባቡር ሲያልፍ ሰማሁ፤
ያ በአሮጌው መጋዘን በኩል የሚያልፈው፣ ዘጠኝ ከሩብ ላይ።
ካልሲ ሳልቆጥር ወጣሁ።